የጃዝ ሰዓት በሬዲዮ፦ የተጫዋቹን ስም ማን ይንገረን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጃዝ ሙዚቃና ስለ ሬዲዮ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል እርስ በርሳቸው የሚገናኙትን መርጠን በዚህ እትም መልስ ሰጥተንባቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በየዕለቱ በሬዲዮ፣ በፕሮግራሞች መሸጋገሪያ ላይና ከማስታወቂያ ሥር፣ በሳክስፎንና በኦርጋን የተሠሩ እጅግ የሚማርኩ ሙዚቃዎችን እሰማለሁ። ዕድሜዬ ከሃምሳ በላይ ስለሆነ ብዙዎቹን ዜማዎች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ማን እንደተጫወታቸው ግን አንድም ቀን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ለምን አይነገርም? እኔስ በምን መንገድ ላውቅ እችላለሁ?
(ከአዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ በሬዲዮ ልማዳችን ዘፈን የዘፋኙ ነው፤ አቅራቢው ሌላው ቢቀር የድምፃዊውን ስም ይጠራል። በተለምዶ ክላሲካል የምንለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረው ሙዚቃ ግን ራሱን እንደቻለ ሥራ አይታይም። ዜናው እስኪደርስ ክፍተት ይሞላል፤ የማስታወቂያ አንባቢው ድምፅ ሲገባ ዝቅ ይደረጋል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ደግሞ መሐል ላይ ይቆረጣል። የሳክስፎን ተጫዋቹ ሐሳቡን ሳይጨርስ ቢቋረጥ ቅር የሚለው አድማጩ ብቻ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጠቃሚ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱት ባለሙያዎች በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተቀጣሪዎች ስለነበሩ፣ ሥራቸው የሚታወቀው በተቋሙ ኦርኬስትራ ስም ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁመው የግል የሸክላ ኅትመት ሲስፋፋም፣ በሸክላው መሐል የተለጠፈችው ክብ ወረቀት የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን ርእስ ከያዘች በኋላ ለትራምፔት ተጫዋቹ የሚተርፍ ቦታ ብዙ ጊዜ አልነበራትም። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ሙዚቃው ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ስሙ መንገድ ላይ ቀረ፤ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወርም የተረፈው ቁጥር ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ በስቱዲዮ የተቀመጠው ወጣት አቅራቢ ስም የማይናገረው ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም፤ ፊቱ ባለው ፋይል ላይ የሚያነበው ስም ላይኖር ይችላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳን በጌታቸው መኩሪያ ላይ ይታያል። ጌታቸው ገና በልጅነታቸው በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጀምረው፣ በቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ አልፈው፣ ለረጅም ዘመን በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወቱ የቴነር ሳክስፎን ሰው ነበሩ። ሽለላውን ከፎካሪው አንደበት ወስደው በሳክስፎን ላይ አወጡት፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ሳይሰጥ ይወርዳል፣ ልክ ጎራዴ መዝዞ መሐል ሜዳ እንደሚዞር ሰው ድንገት ቆሞ እንደገና ይነሣል። ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ከሌላ ሳክስፎን ጋር አያምታታውም። ሆኖም በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሲፈስ የኖረውን ይህን ድምፅ ከሰውየው ስም ጋር ያገናኘው ወገናችን ጥቂት ነበር። «ዘ ኤክስ» የተባለው የኔዘርላንድስ ቡድን አብረውት እንዲጫወቱ ጋብዟቸው በ2000ዎቹ ውስጥ በአውሮፓ መድረኮች ላይ በታዩ ጊዜ፣ እኛም ስማቸውን እንደ አዲስ ሰማነው። በ2016 ዐረፉ።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ስም ሲኖር ምን እንደሚሆን ያሳያል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋችና መሪ የነበሩት ኃይሉ ከአዲስ አበባ ሒልተን መድረክ ተነሥተው በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ እዚያው ቀሩ፤ በ1985ም አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ ሲያፈላልግም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ አገኛቸው። ካሴቱ በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ። በሽፋኑ ላይ ስም ባይኖር ኖሮ ያ ሥራ ዛሬም የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መሸጋገሪያ ሆኖ ይቀር ነበር።

በሌላው ዓለም የጃዝ ሬዲዮ ሥራ የተመሠረተው ስም በመጥራት ላይ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ከ1955 ጀምሮ በአጭር ሞገድ ያሰራጨው የነበረውን የጃዝ ሰዓት ያቀርብ የነበረው ዊሊስ ኮኖቨር፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ አድማጮች ሲል በዝግታና እያንዳንዱን ቃል እያጠራ፣ ፒያኖው ላይ ማን እንዳለ፣ ቤዝ ማን እንደያዘ፣ ድራሙን ማን እንደሚመታ ይናገር ነበር። በሞስኮና በዋርሶ የነበሩ ወጣቶች የሚወዱትን ሙዚቃ ተጫዋቾች በስም ያወቁት፣ ከዚያም ራሳቸው ባንድ ያቋቋሙት፣ በአብዛኛው በዚያ ድምፅ ምክንያት ነው። የአገሩ ሕግ በዚያ ዘመን ጣቢያው ወደ ውስጥ እንዳያሰራጭ ይከለክል ስለነበር አሜሪካውያን ራሳቸው ይህን ሰው እምብዛም አያውቁትም ነበር። ስም የሰማ አድማጭ ሸክላውን ይፈልጋል፤ ተጫዋቹ በሕይወት ካለ የሚጫወትበትን ቤት ይጠይቃል፤ ልጁ መሣሪያ ልማር ሲለው የሚነግረው አርአያ ይኖረዋል። ስም ያልሰማው ግን ሬዲዮውን ሲዘጋ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የዚህ ዓምድ አቋም ግልጽ ነው፦ በመሣሪያ የተሠራ ሙዚቃን ያለ ስም ማሰማት የባለሙያውን ድካም መውሰድ ነው፤ ስሙን ለመናገር ደግሞ ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አይፈጅም።

ለእርስዎ የምንመክረው፣ ሙዚቃውን በሰሙ ጊዜ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የፕሮግራሙን ስም ጽፈው ወደ ጣቢያው እንዲደውሉ ነው። አዘጋጆች የአድማጭ ጥያቄ ሲደጋገምባቸው ፋይላቸውን ይፈትሻሉ። በስልክ ላይ የሚጫኑ ሙዚቃ የሚለዩ መተግበሪያዎችም በድጋሚ የታተሙትን ሥራዎች ብዙ ጊዜ ያውቋቸዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ ያሳተሙት «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ ነው፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ፣ አሥራ አራተኛው የጌታቸው መኩሪያ ሲሆን፣ አብረው የሚመጡት ትንንሽ መጽሐፎች ስለ ተጫዋቾቹና ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ሳክስፎን ይማራል። መምህሩ «ኢትዮ ጃዝ የምትሉት ጃዝ አይደለም፤ ግጥሙ የወጣለት ዘፈን ነው» ብሎታል። ልጁ አዝኗል፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ። እውነቱ የትኛው ነው?
(ከእስራኤል፣ ናታንያ)

መልስ፦ መምህሩ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የተረፈውን ሙዚቃ በሙሉ ኢትዮ ጃዝ ብሎ መጥራት በተለይ በውጭ አገር አሻሻጮች ዘንድ ተለምዷል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ብዙው ጥሩ የዳንስ ሙዚቃ ወይም የዘፈን አጃቢ ነው። ጃዝ ለመባል ተጫዋቹ ዜማውን አስተዋውቆ ሲያበቃ፣ በዜማው መሠረት ላይ ቆሞ ያልተጻፈውን በቅጽበት መፍጠር አለበት።

ሆኖም መምህሩ ሁለት ነገሮችን ቢያስቡ መልካም ነው። የመጀመሪያው የሸክላው ነገር ነው። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽዋ ከሦስትና አራት ደቂቃ ብዙም የማያልፍ ሙዚቃ ስለምትይዝ፣ በሆቴል አዳራሽ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት የነበረ ባንድ ስቱዲዮ ሲገባ ሶሎውን፣ ማለትም አንድ ተጫዋች ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል፣ ማሳጠር ወይም መተው ነበረበት። ስለዚህ ዛሬ የምንሰማው የዚያን ዘመን ሙዚቀኞች ችሎታ ቁራጩን ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቅጽበት መፍጠር ለኛ ከውጭ የመጣ ነገር አለመሆኑ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊቱ በተቀመጠው እንግዳ ላይ ግጥም ሲያወርድ፣ ዜማውንም እንደ ስሜቱ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ኖሯል፤ የጌታቸው መኩሪያ ሽለላም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ የሠሩት ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ1943 ጅማ ተወልደው፣ በዌልስና በለንደን ከተማሩ በኋላ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት አልበሞችን አሳተሙ፤ ቫይብራፎንን፣ የላቲን ከበሮዎችንና የኢትዮጵያን ቅኝቶች ያገናኘውን መንገድ እየጠረጉ በ1972ና በ1974 ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቁትን አልበሞቻቸውን አወጡ። ችግሩ ምን እንደነበረ ልጅዎ በሳክስፎኑ ሊሞክረው ይችላል። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ቢጀምር የሚያገኛቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው፤ ፋ እና ሲ የሉም። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ደግሞ ኮርዱን (ባንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ለማበልጸግ በልማድ የሚጨምራቸው ድምፆች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኛሉ፤ ሳይጠነቀቅ ከጨመራቸው ትዝታው ወዲያው ይጠፋና ሌላ ሙዚቃ ይሆናል። በአንቺሆዬ ደግሞ ድምፆቹ እርስ በርስ ስለሚቆረቁሩ፣ ከሥራቸው የሚቀመጠው ኮርድ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አቀናባሪው የቱን ድምፅ መያዝ፣ የቱን መተው እንዳለበት የሚወስነው በዚህ ቅኝት ላይ ባለው ጆሮ ነው። ይህ ሥራ ጃዝ ካልተባለ ምን ሊባል እንደሚችል እኛ አናይም።

ለልጅዎ አንድ የቅርብ አርአያ አለው። ኢትዮጵያ ተወልዶ ወደ እስራኤል የመጣው ሳክስፎን ተጫዋች አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ደሸን» በሚል ስም የሠራውን ሥራ ያሰሙት፤ መምህሩም አብረው ቢሰሙት ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ ሌሊት ታክሲ ስነዳ በሬዲዮ 89.3ን ከፍቼ ጃዝ እሰማለሁ። ልጆቼ ግን «አባዬ፣ ይህ የአሜሪካኖች ሙዚቃ ነው፤ አንተን ምን አገናኘህ?» ይሉኛል። በእርግጥ በዚህ በዋሽንግተን ከተማ ጃዝና እኛ የሚያገናኘን ነገር አለ?
(ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አለ፤ ልጆችዎን ይዘው ዩ ስትሪት ላይ በእግር ቢሄዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያሳዩዋቸው ይችላሉ። ዱክ ኤሊንግተን በ1899 የተወለደው ዋሽንግተን ውስጥ ነው፤ ያደገውም በዚያው ሰፈር አካባቢ ነው። ያው ኤሊንግተን በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተቀብሏል፤ ሙላቱ አስታጥቄም ያን ጊዜ አብረውት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ስደት ኢትዮጵያውያንን ወደ ኤሊንግተን ሰፈር ወሰዳቸው፤ ዛሬ በዩና በዘጠነኛ ስትሪት የምግብ ቤቶቻችን ስም በአማርኛ ተጽፎ ይታያል። አምሃ እሸቴ ራሳቸው ከአገር ከወጡ በኋላ በዋሽንግተን ምግብ ቤት ከፍተው ነበር።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ቤት ደግሞ አለ። ሁለት ኢትዮጵያውያን መንትያ እኅትማማቾች በ1987 በዚያች ከተማ «ትዊንስ» የተባለ ቤት ከፈቱ፤ በኋላ ወደ ዩ ስትሪት ተዛውሮ እስከ 2020 ድረስ ጃዝ በየሳምንቱ የሚሰማበት፣ እንግዳው ወጥ በእንጀራ እየበላ ሳክስፎን የሚያዳምጥበት ቦታ ሆኖ ቆየ። የዋሽንግተን ወጣት የጃዝ ተጫዋቾች በሰው ፊት የመጫወት ልምድ ካገኙባቸው ቤቶች አንዱ ነበር። እንግዲህ ለሦስት ዐሥርተ ዓመታት የዚህን ከተማ ጃዝ አቅፈው የያዙት የእኛው እኅቶች ነበሩ ማለት ነው፤ ለልጆችዎ ይህን ይንገሯቸው።

የሚሰሙት ጣቢያም ታሪክ አለው። ደብሊው ፒ ኤፍ ደብሊው በየካቲት 1977 ሥርጭቱን ሲጀምር ያሰማው የመጀመሪያ ሙዚቃ የኤሊንግተን ነበር። ጣቢያው ማስታወቂያ አይሸጥም፤ የሚኖረው አድማጮቹ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን የከተማዋ ሌላ ጣቢያ መጨረሻ ያሳያል፦ በ90.1 ላይ ጃዝ ያሰማ የነበረው የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ፣ ዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ችግር ስለገጠመው፣ በ1997 በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲ ስፓን ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሞገድ ላይ የሚሰማው የፖለቲካ ንግግር ሆነ። አቅራቢዎቹም ሆኑ በየቤቱ የሚጫወቱት ሙዚቀኞች ከአድማጫቸው ጋር የሚገናኙበት አንድ መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ ጣቢያው የመዋጮ ሳምንት ሲያውጅ ስልኩን አንሥተው የአቅምዎን ቢሰጡና ስለ ኢትዮጵያ ጃዝም እንዲያሰሙ ቢጠይቁ፣ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ እመጣለሁ። ጃዝ በቀጥታ የሚሰማበትን ቤት አድራሻ ብትነግሩኝ?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ አድራሻ ጽፈን ብንሰጥዎ ከመምጣትዎ በፊት ሊለወጥ ይችላል። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ በጥር 2015 ሆቴሉ ሲቃጠል አብሮ ጠፋ፤ ካዛንቺስ ውስጥ ለረጅም ዘመን የኖረው ፈንድቃም አካባቢው በ2024 ሲፈርስ ከነባር ቦታው ተነሥቷል። ሙላቱ አስታጥቄ በጊዮን ሆቴል ያቋቋሙት አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ ስሙ ከሚነሡት ውስጥ ነው። ከቤቱ ይልቅ ተጫዋቹን መከታተል ይሻላል፤ ፒያኖ ላይ ሳሙኤል ይርጋን፣ ሳክስፎን ላይ ጆርጋ መስፍንን፣ ጊታርና አኮርዲዮን ላይ ግሩም መዝሙርን፣ ቤዝ ላይ ሄኖክ ተመስገንን በማኅበራዊ ገጾቻቸው ይፈልጉ፤ በዚያ ሳምንት የት እንደሚጫወቱ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ይጽፋሉ። ከመሄድዎ በፊት በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ በማኅበረሰብ ሬዲዮ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለጃዝ ፕሮግራም ተፈቅዶልኛል። ሙዚቃ እወዳለሁ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሰዓቱን እንዴት ላዘጋጀው? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?
(ከጅማ)

መልስ፦ የሙላቱ የትውልድ ከተማ የጃዝ ሰዓት ሲያገኝ ማየት እጅግ ደስ ይላል፤ ስለዚህ በሰፊው እንመልስልዎታለን።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ይቁጠሩት። የመግቢያና የመውጫ ሙዚቃ፣ የጣቢያው መለያና ማስታወቂያ ሲቀነሱ ከአንድ ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይቀርዎታል። የጃዝ ሥራ አንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፣ አንዳንዱ በቀጥታ መድረክ የተቀዳ ከሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሚሆን፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሥራ ቢያዘጋጁ ይበቃል። ረጅሙን ሥራ በመሐል ያስቀምጡት እንጂ በመጨረሻ አያድርጉት፤ ሰዓት ሲሞላ የሚቆረጠው እሱ ይሆናልና። የቤዝ ሶሎ በሬዲዮ ጸጥታ ስለሚመስል ብዙ አቅራቢዎች እዚያ ላይ መናገር ይጀምራሉ ወይም ድምፁን ይቀንሱታል፤ እባክዎ አይንኩት። አድማጩ ጆሮውን እንዲያስጠጋ የሚያደርገው እሱ ነው።

አድማጭዎ ከሚያውቀው ይጀምሩ። በጅማ ያለ ሰው ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል የተዘጋጀ ጆሮ አለው። በዘፈን የሚያውቀውን አንድ ዜማ በመሣሪያ ተቀነባብሮ ያሰሙት፤ ቀጥለው ሳክስፎኑ ከዜማው ወጥቶ ወዴት እንደሄደ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩትና ደግመው ያንኑ ክፍል ያሰሙት። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ አንድ የአሜሪካ፣ አንድ የደቡብ አፍሪካ ሥራ ቢያስከትሉ እንግዳ አይሆንበትም። ስለ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ማስተማር አይጠበቅብዎትም፤ ያዳመጡትን በራስዎ ቋንቋ መናገር ይበቃል። ከመቅረብዎ በፊት ግን እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግመው ያዳምጡ፤ ያልሰሙትን አያሰሙ።

የሙዚቃ ፋይሎቹንም ይመርምሩ። ከአሮጌ ካሴት የተገለበጡ ብዙ ሥራዎች ፍጥነታቸው ስለተለወጠ ድምፃቸው ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል፤ ዘፋኝ ሲሆን ወዲያው ያስታውቃል፤ የመሣሪያ ሙዚቃ ሲሆን ግን የማይታወቅ ስሕተት ሆኖ ለዓመታት ይኖራል። በድጋሚ የታተመ ቅጂ ካገኙ እሱን ይያዙ።

ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የሥራውን ርእስና የመሪውን ስም፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ዓመቱን፣ የተቀረጸበትን ከተማና የሚያውቋቸውን ተጫዋቾች ሁሉ ከመሣሪያቸው ጋር ይናገሩ። ሁለት ሥራ ብቻ አከታትለው መናገር ይሻላል፤ አራት አከታትሎ በመጨረሻ ስም መደርደር አድማጩን የትኛው የማን እንደነበረ ያምታታዋል። ያሰሙትን ዝርዝር በደብተር ይመዝግቡ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ጣቢያዎ ከየትኛውም ቤተ መዛግብት የማያገኘው ሀብት ይሆናል።

ከሰዓቱ ውስጥ አሥር ደቂቃ ለከተማዎ ይተዉ። በጅማ በሠርግ የሚጫወት ኪቦርድ ተጫዋች፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ትራምፔት የተማረ ልጅ፣ በወጣት ማእከል ጊታር የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። ጋብዘው ያነጋግሩት፤ በስቱዲዮው አንድ ዜማ እንዲጫወት ያድርጉ። የጃዝ ከተማ የሚፈጠረው በሬዲዮ የሚጫወተው ሰው ቅዳሜ ማታ የት እንደሚገኝ አድማጩ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ፕሮግራምዎ በሐሙስ ወይም በዓርብ ቢሆን ለሳምንቱ መጨረሻ ዝግጅቶች ማስታወቂያ ይመቻል፤ ሰኞ ማታ የተሰጠዎት ከሆነ እንዲቀየርልዎት ይጠይቁ።

ስለ ፈቃድ ለጠየቁት፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የዜማውን ደራሲ ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁንም መብት ይጠብቃሉ፤ የሥራው አመንጪ እንደ ሥራው ባለቤት የመታወቅ መብትም በሕጉ የታወቀ ነው። ለታተሙ ሥራዎች የሚከፈለው ክፍያ የሚመለከተው ጣቢያውን እንጂ እርስዎን በግል ስላልሆነ፣ ሥርጭቱን ከመጀመርዎ በፊት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ በምን ስምምነት እንደሚሠሩ በጽሑፍ እንዲያሳውቁዎት ይጠይቁ። በስቱዲዮ ወይም በሆቴል መድረክ ራስዎ የሚቀዱት ሙዚቃ ግን የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ከባንዱ መሪ ፈቃድ መውሰድ አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ፊርማ ያስፈልግዎታል። ቅጹን በአንድ ገጽ ያዘጋጁት፤ ለፊርማው ቦታ ከመተው በፊት ተጫዋቹ ስሙን እንዴት እንዲጠራለት እንደሚፈልግና የትኛውን መሣሪያ እንደተጫወተ በራሱ እጅ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ በሥርጭቱ ላይ የሚያነቡትም ያንን ወረቀት ይሆናል።